የቁጥር ሰማንያ ሦስት ዋና ሐዘንተኛ

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ኦኬሬ
የጡት ካንሰር ጠቋሚዎች ምርምር ማዕከል የበላይ ኃላፊ
ኩማሲ

ክቡርነትዎ እንዴት ሰነበቱ? በማዕከልዎ ጤንነቱ የሚያሳስብ ሰው ከእርስዎ በቀር ስለሌለ፣ የጤና ምኞቴን ሁሉ ሳልከፋፍል ለእርስዎ ልኬያለሁ።

እኔ በኬጄቲያ ገበያ ልብስ ሰፊ የነበረችው የንያርኮዋ ታናሽ እህት ነኝ። ለማስታወስ እንዳይቸገሩ፣ በእርስዎ አጠራር ቁጥር 83 ናት።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ከጡቷ የተቆረጠውን ሥጋ ግማሹን ሆስፒታሉ፣ ግማሹን እርስዎ ወሰዳችሁ። ሆስፒታሉ መመርመሪያ ኬሚካል አልቆበት አምስት ወር ሲያመላልሰን፣ ዕጢው የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያበዛ፣ ስለዚህም የትኛው መድኃኒት እንደሚበጃት፣ የእርስዎ ሰዎች በሦስተኛው ሳምንት አውቀውት ነበር። በሁለታችሁ መካከል ያለው አንድ ግድግዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸሐፊዎ ትሕትና። እህቴ ውጤቷን ልትለምን ብትመጣ፣ «እህቴ፣ ይሄ ለምርምር ነው እንጂ ለሕክምና አይደለም። ስምሽንም ያጠፋነው ለክብርሽ ብለን ነው» አለቻት። «ክብሩን እናንተ ያዙት፣ ለእኔ ውጤቱን ስጡኝ» ብትላት፣ ስቃ ሸኘቻት።

ከተቀበረች በኋላ የጥናት ተሳታፊነት ካርዷን ልመልስ መጥቼ፣ በአዳራሽዎ የተለጠፈውን የጥናት ወረቀት አነበብኩ። ቁጥር 83 «መድኃኒት ባለመጀመሯ የበሽታውን አካሄድ ሳይነካ ለማየት አስችላለች» ይላል። እህቴ ለሰው ጠቅማ መሞቷን በማወቄ ተጽናናሁ። ውሸቴን ነው፣ አልተጽናናሁም።

ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ በእህቴ የተገኘው የጂን ጉድለት በዘር እንደሚወርድና ቤተሰቧ ቢመረመር መልካም እንደሆነ ተጽፏል። እኛ አሳንቴዎች ዘራችንን በእናት የምንቆጥር ነንና፣ አንድ ቃል ቢልኩብን ኖሮ የእናቴን ወገን ሴቶች በአንድ ቀን ደጅዎ ባሰለፍኳቸው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ጅቡ አልሄደም እላለሁ።

እንደ አገራችን ወግ የአርባ ቀኗን የሐዘን ማስታወቂያ ከነፎቶዋ አሳትሜ በማዕከልዎ አጥር ዙሪያ ለጥፌዋለሁ። ሞቷን ከሁላችን ቀድመው ያወቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ ስምዎን በዋና ሐዘንተኛነት ከእናታችን በላይ አስፍሬዋለሁ። ቅዳሜ የሐዘን ልብሳችንን ጥቁርና ቀይ ለብሰው እንዲገኙልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ለምርምርዎ ዕድሜ፣ ለሕሊናዎም እንደ ወትሮው ሰላማዊ እንቅልፍ የምትመኝ፣
ሰርዋ ቦንሱ

ማስታወሻ፦ በሁለተኛው ጥናት ቁጥር 212 ሆኜ እንድሳተፍ የላኩልኝ ግብዣ ደርሶኛል። በግራ ጡቴ ያገኘሁትን እብጠት ግማሽ በደስታ እሰጥዎታለሁ። የማስታወቂያው አታሚም አጽናንቶኛል፤ ፎቶውና የሟች ስም ብቻ ይቀየራል፣ የዋና ሐዘንተኛው ስም እንዳለ ይቆያል ብሎኛል።