የልጄ መሪ አጋዘን እንዳይታረድ

ለአጋዘን እርባታና ጤና ምርምር ጣቢያ ኃላፊ
ኢናሪ

ጃንዋሪ 9 ቀን

ጉዳዩ፦ በስህተት ለሥጋ ጥናት የተመዘገበ መሪ አጋዘን በሕይወት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

የልጄን የኢሌፕን ሞት የሰማሁት የዓሣ መረብ ስጠግን ነው። ባለቤቴ ኦንድሬይ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ኮፍያውን አላወለቀም። «ሐይቁ ወሰደው» አለኝ።

1. ኢሌፕ መንጋውን በሐይቁ በረዶ ላይ የሚያሻግረው ቫልኮ የሚባለውን መሪ አጋዘን አስቀድሞ ነበር። ቫልኮ በረዶው ስስ ከሆነ ይቆማል፤ ቢጎትቱትም አይሄድም።

2. በመከር፣ ጣቢያችሁ የደነገጠ አጋዘን ሥጋ ለምን እንደሚጠቁር ሲያጠና፣ እንስሳቱን በእርጋታ በረት እንዲያስገባላችሁ ልጄ ቫልኮን አዋሳችሁ። «ክረምት መጣ እኮ፣ ተው» ስለው፣ «አንቺ ደግሞ እማ፤ ሐይቁ በረዶ ሳይሠራ ይመለሳል» ብሎ ሳቀብኝ። መልሱልኝ ሲላችሁ ጥናቱ አላለቀም ተባለ። ያለ መሪ በረዶው ላይ ወጣ። ሞቱን በእናንተ ላይ ለማድረግ አልጻፍኩም።

3. ከቀብሩ በኋላ ጣቢያው ስመጣ ቫልኮን ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ተደርጎበት ከሚታረዱት ጋር አገኘሁት። ከቁጥሩ በላይ ልጄ በቢላዋ የቆረጠው የባለቤትነት ምልክት ይታያል። የመዝገብ ቤቱ ወጣት ግን ጆሮውን ሳያይ፣ «እናቴ፣ ለመሆኑ ስንት አጋዘን አላችሁ?» አለኝ። ይህ በእኛ ዘንድ አይጠየቅም። እንደ ልማዳችን «ከዛፉ ወዲህም አሉ፣ ከዛፉ ወዲያም አሉ» አልኩት። «እንግዲያው ዛፉ ይመስክርልሽ» ብሎ ባልደረባውን ጠቀሰው። ቀጥሎ የደረሰኝ መልስ «አመልካቿ ንብረቷን አታውቅም» ይላል።

ክቡርነትዎ ባንክ ያለዎትን ገንዘብ ለማያውቁት ሰው በመስኮት ይናገራሉ? እኔ ንብረቴን አውቃለሁ። የልጄን የቢላዋ አቆራረጥም አውቃለሁ።

4. ስለዚህ ቫልኮ እንዳይታረድ እንዲያዝዙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ለጥናቱ ሥጋ ካስፈለገ ከመንጋችን ሌላ ውሰዱ። በጸደይ መንጋው ወደ መውለጃው ሲሄድ ያንኑ ሐይቅ ይሻገራል። አሁን የሚነዳው ኦንድሬይ ነው፤ እሱንም መቅበር አልችልም።

የኢሌፕ አርባ በቤተ ክርስቲያናችን ሊታሰብ ቀርቧል። መምጣት ባይመቻችሁ፣ ይህን ወረቀት ያነበበ ሁሉ፣ ያ የመዝገብ ቤቱ ወጣትም ጭምር፣ ኢሌፕ ብሎ በስሙ ጠርቶ ነፍሱን ይማር ይበልልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ኦውዶትያ ሴሜኖፍ
(ፊርማ)
ሴቬቲያርቪ