የአባትሽ ስም በየትኛው ሰ ይጻፋል

አስካልዬ፣ የሰላም እናት፣

እንዴት ሰነበትሽ አልልሽም። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት አልፎ ወራት ሆኗል፤ ስጽፍልሽ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ፊደሉ ቢጣመም ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፣ ራስሽን ውቀሺ።

ቤቱ ደህና ነው። ሰላም ከእኛ ጋር ኑር ብትለኝም እዚህ አሜሪካ የሮቢንስዴሉን አፓርትማችንን አልለቅም ብያለሁ። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ስምሽን አውጥታላታለች። ፈረንጁ ባሏ ግን “አስኬል” ነው የሚላት።

ችግሩ የባሏ እናት ናት። አራስ ልትጠይቅ ከካናዳ ስትመጣ ትልቅ ፋይል ይዛ መጣች። ቅድመ አያቶቿ ድሮ አሜሪካ ከእንግሊዝ ንጉሥ ስትገነጠል ንጉሡን አንከዳም ብለው፣ ሲሸነፍ ካናዳ የተሰደዱ ናቸው አለች። ተወላጆቹ ማኅበር አላቸው። ዘርሽን እስከ ተሰደደው ሰው ድረስ በወረቀት ካላስረዳሽ አባል አትሆኚም። የተሸነፈ ንጉሥ ታማኝ ልጅ ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኛ እኮ ይህንኑ ስንደብቅ ነው ያረጀነው።

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። ለሕፃኗ የሁለታችንንም ወገን ዘር ልትጽፍ የአባትሽን ስም ጠየቀችኝ። ስም ጠይቆ የሚጽፍ ሰው እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ቀበሌም የጀመረው እንዲሁ ፈገግ እያለ ነበር። ማን እንደላካትስ ምን አውቃለሁ? “በቀለ” አልኋት። ግሪን ካርድሽ ላይ የነበረው፣ የመቃብር ድንጋይሽ ላይ የተቀረጸው እሱ ነው። ሰላም ራሷ አጎትሽን በቀለን አያቴ እንዳለች ነው ያደገችው።

ሴትዮዋ ጻፈችው። ከዚያ የራሷን መዝገብ ገልጣ አንድ ባዶ ቦታ አሳየችኝ። ከቅድመ አያቶቿ የአንዷ አባት ስም አልተጻፈም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ፈልጋ አላገኘችውም። የተናገረችውን ሰላም በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ተረጎመችልኝ፦ “ፈርተው ሳይጽፉት ቀርተው ይሆናል። የፈሩት ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን አሁንም ስሙን አላውቅም።”

ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

አባትሽ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነበር። ንጉሡ ሲወርዱ ዩኒፎርሜን አላወልቅም አለ፤ ወሰዱት፣ አልተመለሰም። እናትሽ ቀበሌ የአጎትሽ ልጅ አድርጋ አስመዘገበችሽ። ለእኔ እንኳ የነገርሽኝ በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ ሬድዮውን ከፍ አድርገሽ በጆሮዬ ነው። ለማንም እንዳልተነፍስ አስማልሽኝ። ኢሚግሬሽን ኢንተርቪው ላይም በቀለ አልን። ፎርም ላይ ዋሻችሁ ይሉናል እያልሁ ፖስታ በመጣ ቁጥር የምደነግጠው ለዚህ ነበር። ሳስበው ግን፣ አስካልዬ፣ አንቺን ከእንግዲህ ዲፖርት የሚያደርግሽ የለም።

ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄጄ የሴትዮዋን እስክሪብቶ ተቀብዬ፣ በቀለን ሰርዤ፣ በራሴ እጅ “አስካለ ደሥታ” ብዬ ጻፍሁ። ትዝ ይልሻል? ፊደል ስታስቆጥሪኝ ደስታን በእሳቱ ሰ ጻፍ፣ ንጉሡን ሠ ለንጉሥ ተወው እያልሽ እጄን ትመቺኝ ነበር። የአሁኑ ስሕተት አይደለም። ለዚያ ሰው ንጉሡ ነው የሚገባው።

ሰላም አየችውና ማነው ይሄ አለችኝ። አያትሽ ነው አልኋት። ስትቀመጥ ወንበሩን ስታዋለች።

ሴትዮዋን አሁንም በደንብ አላምናትም፤ ፋይሉን ኮፒ አድርጊልኝ ብያታለሁ።

መሐላሽን አፍርሻለሁና ይቅር በዪኝ። ድንጋዩን አስቀይራለሁ። እስከዚያው እሑድ እሑድ ስመጣ ከነአባትሽ ስም እጠራሻለሁ፤ ሬድዮ ሳልከፍት።

ባልሽ