የእማዬ የጽዋ ተራ

ልደታ፣ የካቲት 4 ቀን 1931 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለእትዬ አስካለ፤ ደሴ።

እንደምን ከርመሻል? ናፍቆትሽ ደጃፋችን ላይ ከመቀመጡ በቀር እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ነቀርሳ የያዘውን የእማዬን ቀኝ ጡት ሐኪሞቹ ቆርጠው ካወጡላት ሁለት ወር ሆነ። ቁስሉ ደርቋል። ጣሊያኑ ሐኪም በየአሥራ አምስት ቀኑ ነይ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን "ድኛለሁ" ብላ መሄዷን ትታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገላዋን የማጥባት እኔ ነበርኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን በሩን ዘጋችብኝ።

"ደግሞ አንቺ አጥበሽ ልታሳድጊኝ ነው?" ብላ ሳቀች። ስትወጣ ነጠላዋን በግራ ብብቷ ሥር አጥብቃ ይዛ ነበር። የተቆረጠውን ቀኙን ረስታዋለች።

ረቡዕ ዕለት የልደታ ጽዋ ማኅበር ተራው የእኛ ነበር። ዳቦው ሳይቆረስ እማዬ ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴዋ ለእሜቴ ሀረገወይን፣ "ከእንግዲህ ተራዬ በትርንጎ ስም ይሁንልኝ" አለቻቸው።

"አንቺ እያለሽ? ምን የሚሉት ቀልድ ነው!" ብለው ተቆጧት።

"እስክትለምደው ብዬ ነው" አለች እማዬ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሲያየኝ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ጓዳ ገብቼ ቀረሁ።

እትዬ፣ ለግንቦት ልደታ እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ግንቦት ሩቅ ነው። የይለፍ ወረቀቱን ዛሬውኑ ለምኚ። እኔ መጻፌን እማዬ አታውቅም፤ ስትመጪ "ጾሙን አብሬያችሁ ልጾም ብዬ ነው" በያት።

በመንገድሽ ሁሉ እመቤቴ ልደታ ትቅደምልሽ።

ታናሽ እኅትሽ ትርንጎ