ስለ ተመላሽ ክፍሉ መስኮትና ስለ እኔ አፍንጫ

ለተከበሩ የልብስ መደብሮቻችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከግቢው ሆኜ ቀና ስል መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ የማየው ሰፊ ቢሮዎም ጭምር እንደምን አላችሁ? ጤናዎ ይብዛ፣ ዕድሜዎ ይርዘም፣ የሚተነፍሱት አየር አይጉደልብዎ። እኔ ከሕንፃው ጀርባ ካለው የተመላሽ ልብስ ክፍል የምጽፍልዎ ሠራተኛዎ ነኝ። ስሜን ባያውቁት አልቀየምም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚያው ክፍል ያሉትም ረስተውት ሁሉም «አፍንጫ» ብለው ነው የሚጠሩኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና ሌላም ሰው ስለሚያነበው ሥራዬን በአጭሩ ላስረዳ። ደንበኛ ገዝቶ የመለሰው ልብስ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል። ብብቱን ገልብጬ፣ አንገቱን ገልብጬ አሸተዋለሁ። ላብ፣ ሽቶ ወይም ሲጋራ ከሸተተኝ በግራ በኩል እጥለዋለሁ፤ ካልሸተተኝ ካውያ ተደርጎና አዲስ የዋጋ ታግ ታስሮለት «አዲስ» ተብሎ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። እንግዲህ የድርጅትዎ ክብር ለአሥራ አንድ ዓመት በእኔ አፍንጫ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል ማለት ነው። ቅሬታ ማቅረብ ስለማልወድ የምለውን በምስጋና መልክ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደንበኞቻችን። «ይውሰዱት፣ ካልተስማማዎ በሠላሳ ቀን ይመልሱት» የሚለውን ጽሑፍ በየመደብሩ በር ላይ ስላሰቀሉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሕዝቡም ቃልዎን አክብሯል። ስልክ ላይ የምትጨፍር አንዲት ልጅ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ የታየች ዕለት ከተማው በሙሉ ቢጫ ቀሚስ ያዛል፤ አንዷ በሦስት ልክ አዝዛ ሁለቱን ትመልሳለች፣ ሌላዋ ሠርግ ላይ ስትጨፍርበት ውላ ብብቱን ሽቶ ነፍታ ትመልሳለች፣ አንዷ ደግሞ ፎቶ ተነስታበት ስታበቃ «ቀለሙ አልሆነኝም» ትላለች። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ መልሺው እየተባለች የማትመልስ ማን አለች? ነገር ግን ከአሥሩ አራቱ ተመልሶ ይመጣል፤ መጋዘኑ በተመላሽ ጢም ብሎ ስለሞላ አዲሱ ዕቃ የሚራገፈው እኛው ክፍል ውስጥ፣ እኔ ከምቀመጥበት ሁለት እርምጃ ርቆ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍጥነታችን። ድሮ አዲስ ልብስ ከኮንቴይነር ሲወርድ ካርቶኑ ተከፍቶ፣ ልብሱ በመስቀያ ተሰቅሎ፣ መጋዘን ውስጥ ሁለት ሳምንት ይናፈስ ነበር። በመርከብ ጉዞው ላይ እንዳይሻግት የተረጨበት መድኃኒት የሚወጣለት ያኔ ነው። ዛሬ ጨርቁ ከሸማኔው ፋብሪካ ይዘገያል፣ ቀለም ነካሪው ይዘገያል፣ መርከቡ ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ ይከርማል፤ ፋሽኑ ግን ማንንም አይጠብቅም፣ በሦስተኛው ሳምንት ይሞታል። ታዲያ እርስዎ በጥበብዎ የዚህን ሁሉ መዘግየት ማካካሻ ከየት አገኙት ቢሉ፣ ከማናፈሻው ሁለት ሳምንት። ፋብሪካውን አልተቆጡም፣ መርከቡንም አልተቆጡም፤ አየሩን ቀነሱት። አየር መቼስ የሠራተኛ ማኅበር የለው።

ሦስተኛ፤ ስለ መስኮቱ። ክፍላችን አንድ መስኮት አለው። አምና አንድ ጃኬት በዚያ በኩል ወጥቶ ጠፋ ተብሎ በአራት ምስማር ተመታ። ራሳችን ብንነቅለው በንብረት ማጥፋት እንደምንጠየቅ ስለተነገረን እንዲከፈትልን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትን፤ መልስም አላጣን። አረንጓዴ ቅጠል ያለበት፣ «ንጹሕ አየር ለምድራችን» የሚል ትልቅ ፖስተር ተላከልን። ሊሰቅለው የመጣው ሰው በካርቶን ያልተሸፈነ ግድግዳ ቢያጣ መስታወቱ ላይ ለጥፎት ሄደ። አየሩ ቀርቶብን ብርሃኑ ብቻውን ቢገባ ደግ አልነበረምና እሱም ስለቀረልን እግዜር ይስጥልን።

አራተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት፤ ደግሜ ጽፌ ሰረዝኩት። ምስጋና አልሆን አለኝ። ፈርቻለሁ ጌታዬ። ስርዝ ድልዙ ቢበዛ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አፍንጫዬ ጠፍቷል። ያወቅሁት ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ነው። ቤቴ ወተት ጥጄ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስልክ ሳወራ፣ ልጄ ከውስጥ ክፍል እማዬ ቤቱን ልታቃጥዪው ነው ወይ እያለች እየሮጠች መጣች። ወተቱ ገንፍሎ አልቆ ድስቱ ከስሏል፤ እኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኜ ምንም አልሸተተኝም። በማግስቱ ሥራ ገብቼ የመጀመሪያውን ሸሚዝ አነሳሁ፤ ምንም። ሁለተኛውን፣ አሥረኛውን፤ ምንም። አሽታች አፍንጫዋን ካጣች ምኗን ይዛ ትሠራለች? ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ የቆመው በእኔና በልጄ ሥራ ነው፤ የልጄ ባልም ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ለማንም ሳልናገር ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ በዓይኔ ማሽተት ጀመርኩ። አንገቱ ላይ የፊት ቅባት ዱካ እፈልጋለሁ፣ ታጉ ተፈትቶ እንደገና መታሰሩን በጣቴ እዳብሳለሁ፣ እንዳይታወቅብኝም ፊቴን ኮስተር አደርጋለሁ። ያልታየኝን ሁሉ ወደ ቀኝ አሳልፌዋለሁ። በእነዚህ ሳምንታት አዲስ ልብስ ገዝታችሁ የሰው ላብ የለበሳችሁ ደንበኞች ካላችሁ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር በሉኝ። ይህ ግን ትንሹ ጥፋቴ ነው።

ትልቁ ይኸውልዎ። ክፍላችን ማንም ያላዘዘው አንድ ልማድ አለው። አዲስ ካርቶን ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀርበው ለእኔ ነው፤ እኔ አፍንጫዬን ከያዝኩ ሁሉም ወጥተው ኮሪደር ላይ ይቆያሉ፣ ካልያዝኩ ገብተው ይሠራሉ። አየሩን የሚለካ መሣሪያ ስላልተገዛልን ልጆቹ እኔን መሣሪያ አደረጉኝ። ባለፈው ወር የዝናብ ካፖርት መጣ። ካርቶን የሚከፍተው፣ ምላጭ የምንለው ጎረምሳ፣ ዓይኑን እያሸ አንዱን ይዞልኝ መጣና አፍንጫ እስቲ ይህን እዪልን፣ ይቆጠቁጣል አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ሁለቴ ሳብኩ። የማይሸተኝ እኔ ስለታመምኩ መሆኑን እያወቅሁ፣ እንዲያ እያወቅሁ፣ አፌ ደህና ነው ልጆቼ ግቡ አለ።

ሌሎቹ ሲያመነቱ ቀድማ የገባችው ልጄ ናት። እዚያው ክፍል ታግ ታስራለች፤ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናቴ ደህና ነው ካለች ደህና ነው ብላ ምላጭን በክርኗ ገፋ አድርጋው ገባች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ካፖርቶቹ ላይ ተዘረረች። ጆሮዬን አፏ ላይ ደግኜ ትተነፍስ እንደሆነ ስሰማ የራሴ ልብ እየጮኸብኝ ምንም መስማት አልቻልኩም፤ ምላጭ ነው ተሸክሞ ያወጣት። ሐኪሟ የፅንሱ ልብ እንደሚመታ፣ ነገር ግን እንደደከመ፣ በየሳምንቱ እንደሚታይና እስከዚያው እናትየዋ ከዚያ ሽታ መራቅ እንዳለባት ነገረችን። ልጄ በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች፤ ሐሙስ አዲስ ፋሽን ይገባ ነበርና። አሁን ፅንሱ ስንት ጊዜ እንደተራገጠ በየሰዓቱ ስጠይቃት ኧረ ተይኝ እማዬ፣ አንቺ ነሽ የምታስፈሪው ትለኛለች። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የእኔ አፍንጫ ቢሞትም ዓይኔ ሥራውን አላቆመም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብዬ ባለፈው ሰኞ ለሰው ኃይል ኃላፊዎ ሁሉንም ተናዘዝኩ። እጅግ በጨዋነት አዳመጡኝ። ስለ መስኮቱ ስናገር ብዕራቸውን አስቀመጡ፤ ስለ አፍንጫዬ ስናገር መልሰው አነሱት። ጉዳዩ ከበላይ አካል ጋር ይታያል ብለው እስከ በሩ ሸኙኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ይህን ነው፤ ምስማሮቹን ያስነቅሉልን፣ ልጄንም እስክትገላገል ድረስ ከዚያ ክፍል አውጥተው ፊት ለፊት መሸጫው ላይ ያስቁሙልኝ። እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ፣ ያባርሩኝ፣ ይክሰሱኝ። ጉጠት ከጠፋ ከቤቴ አመጣለሁ። የበደልኳት እኔ ነኝ፤ ያንን አልክድም፤ ግን አሁንም በየቀኑ እዚያው ትገባለች፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አየሩ ምን እንደሚመስል አላውቅም። ከዚህ የሚበልጥ ፍርሃት አላየሁም።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ እያመሰገንኩ፣ የመርከቦችዎ መንገድ እንዲቀና፣ ፋሽንዎ አንድ ሳምንት እንኳ ጨምሮ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የተመላሽ ክፍል አሽታች የነበርኩት፣ ታዛዥዎ

ግልባጭ፤
ለደንበኞቻችን በሙሉ፣ በየመለኪያ ክፍሉ መስታወት ላይ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ስከት የሰው ኃይል መልስ ደረሰኝ። ስለ ግልጽነቴ ተመስግኛለሁ፣ በክብር እንድሰናበትም ተፈቅዶልኛል። ነፍሰ ጡር ሴት ሽታ ፈጥኖ እንደሚሰማት በበላይ አካል ስለታመነበት ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በእኔ ወንበር ላይ ልጄ ትቀመጣለች፤ ዕድገት ነው፣ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ካርድም ከአበባ ጋር ተልኮላታል። እንዳትቀበል እግሯ ሥር ወድቄ ለመንኳት፤ አይሆንም ብላ ፈርማለች። አንድ ቀን የእሷም አፍንጫ ይጠፋል፤ ያን ቀን ለማንም አትናገርም። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ አውቃታለሁ።