ቤዝ ብቻ

ጥር 14

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ላይብረሪ ውስጥ ተማሪዎቹን "ዝም በሉ፣ ቀስ በሉ" ስል ዋልኩ። ቤት ስገባ ደግሞ የሚያወራኝ ጠፋ። ሙሉቀን ቀድሞኝ ገብቷል፤ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥኑን ግድግዳ እስኪያናጋ ከፍቶታል።

ከኩሽና ሆኜ "ሙሌ፣ ሽሮ ልሥራ ወይስ የትናንቱን ምስር ላሙቅ?" አልኩት። ዝም። ደገምኩ። ዝም። የትናንቱን አሞቅኩ። ሳቀርብለት "ሽሮ የለም እንዴ?" አለኝ።

ምን ይባላል? ደከመኝ።

ጥር 17

ከገብርኤል ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገር ጀመረ። "ይሄ ቴፕ ድምፅ የለውም። ባዶ ነው" አለ። እኔ "ምን ጎደለው? ጥርት ብሎ ይሰማል እኮ" አልኩ። አልመለሰልኝም... ትንሽ ቆይቶ እንደ አዲስ፣ "ፋብሪካው ሲሠራው ነው ቤዝ የነፈገው። ሰኢድ ይጨምርልኛል" አለ።

ቤዝ፣ ያ ወፍራሙ ዱብ ዱብ። ሰውየው ኮንትራት ሠርቶ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች እንግዳ ሲያመላልስ ይውላል፤ የሚያስጨንቀው ቤዝ ነው። ከሚስቱ ጋር ስንት ቃል እንደሚነጋገር አስቦ ያውቃል?

ከኋላችን አንድ ባጃጅ ክላክሱን ሲያንጫርር ቆየ። ሙሌ ንቅንቅ አላለም። ባለ ባጃጁ ሲያልፈን ሰድቦን ሄደ። እሱንም እንደኔ ናቀው ብዬ አዘንኩለት።

ጥር 21

ሰኢድ ጋ ሄድን። ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነው። እሱና ሙሌ ድሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል አብረው ነበሩ። ሙሌ ወጥቶ ሹፌር ሆነ፣ ሰኢድ ወጥቶ የመኪና ቴፕ ሠሪ። ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ሲያወራ ሰፈሩ ይሰማዋል።

ሰኢድ አስረዳኝ። ኦሪጅናል ቴፑ አይነካም። ወደ ስፒከሮቹ ከሚሄደው ገመድ ላይ ቆንጠር አድርጎ ድምፅ ወደሚያጎላው አምፕሊፋየር ይወስዳል፣ ከዚያ ከሹፌሩ ወንበር ስር ወዳስቀመጠው ዉፈር፣ ቤዝ ብቻ ወደሚያወጣው ስፒከር። በቃ። "የፋብሪካውን ድምፅ አናጠፋውም፤ ሆድ ነው የምንጨምርለት" አለኝ።

ሥራው አልከበደኝም። የከበደኝ ሌላ ነው። ሰኢድ አንድ ነገር ሲናገር ሙሌ ይመልሳል። ይቀልዳል። ጀርባውን ሰጥቶት እንኳ ይመልስለታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ "ውሃ ልግዛልህ?" ስለው ወደ መኪናው ሆድ እንዳጎነበሰ ቀረ።

ሲያልቅ ተከፈተ። ወንበሩ ተንቀጠቀጠ። ሙሌ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። እንዲህ ፈገግ ሲል ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው? በዉፈር ቀናሁ። ለሰው ይነገራል ይሄ?

ጥር 26

ጠራሁት። አልመለሰም። ከዛሬ በኋላ አልጠራም።

ጥር 29

ከከተማው ዳር ቱላ ላሉት አክስቴ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩ። ከሳቸው ሌላ ዘመድ የለኝም እዚህ።

"መታሽ?" አሉኝ።

"ኧረ እሱስ።"

"ይጠጣል?"

"አይጠጣም።"

"ሴት ያዘ?"

"አይመስለኝም።"

"ታዲያ ምን አደረገሽ?"

ምን ልበላቸው? ስጠራው አይመልስልኝም ይባላል? ሳወራ አቋርጦኝ ሌላ ወሬ ይጀምራል ይባላል? ቤት ውስጥ እንደሌለሁ ሆኛለሁ። አለቀስኩ። ሳለቅስ ሰምተው "በይ፣ ነገሩ ሳይበላሽ ሽማግሌ ይግባበት" አሉ። እሺ አልኩ። መልስ ብቻ ነው የምፈልገው። ቢፈልግ ይሰድበኝ።

የካቲት 1

መጡ። የንስሐ አባታችንና አቶ በላይነህ። አቶ በላይነህ ስንጋባም የሱን ወገን ይዘው ለሽምግልና የመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሙሌ እንደ አባት ነው የሚያያቸው።

ሙሌ ከፊታቸው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ፤ እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ። ሥርዓቱ ነው። አባ ቀስ ብለው፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው ብዙ ተናገሩ። ትዳር እንዲህ ነው፣ መከባበር እንዲያ ነው። እሱ ቀና ሳይል "እሺ አባቴ... እሺ አባቴ።"

ከዚያ አቶ በላይነህ ቁርጡን ጠየቁት። "እሷ በቃኝ ብላለች። ወይ እንደ ሚስት አናግራት፣ ወይ አክስቷ ጋ ትሂድ። ትሂድ ነው የምትለው?"

"እሺ" አለ።

አቶ በላይነህ አባን አዩ፤ አባ እኔን። አቶ በላይነህ ደገሙት። "ሙሉቀን፣ ልብ በል። ትሂድ ወይ ነው የምልህ።"

"እሺ። እሺ አባቴ፣ እንዳላችሁ።"

እኔ ይለምነኛል ብዬ ነበር። ቢያንስ "ለምን?" ይላል ብዬ።

ሲሄዱ የሁለቱንም ጉልበት ስሞ ሸኛቸው። ተመልሶ ምሳ ቀረበ ወይ አለኝ። ፊቱ ፈካ ብሎ! በላ ደግሞ። ጥሩ አድርጎ በላ።

የካቲት 3

ልብሴን ሰበሰብኩ። በር ላይ ቆሞ "የት ነው?" አለ። ወደ ቁም ሳጥኑ እንደዞርኩ "እንደተባባልነው ነዋ" አልኩት። ከዚያ ኮቴው ራቀ።

ይሄ ሁሉ ዓመት በአንድ ሻንጣ ያልቃል?

የካቲት 7

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ "ቱላ ነው" ስለው "ላድርስሽ" አለ። እምቢ ለማለትም አቅም አልነበረኝም። ሻንጣዬን ጫነ። ቴፑን ከፈተ። ጠዋት ጠዋት ሁሌ መዝሙር ነው የሚከፍተው። መኪናዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች... ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ከበሮው ብቻ። ዘማሪው የለም። ማሲንቆው የለም። አንድ ቃል የለም። ከወንበሩ ስር ዱብ ዱብ ብቻ።

ይስተካከላል ብዬ ጠበቅኩ። ሙሌ ጣቱን መሪው ላይ እየመታ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቃሉን ከራሱ እያወጣ ይዘምራል። ምንም እንዳልጎደለ ሰው።

"ሙሌ፣ መዝሙሩ የታለ?" አልኩት። ዱብ፣ ዱብ።

ያኔ ጠረጠርኩ። ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ ድምፄን ሳልቀንስ "ሙሌ፣ ቤታችን እየተቃጠለ ነው" አልኩ። መዘመሩን ቀጠለ።

ክንዱን ነካሁት። ዞሮ አየኝና ደነገጠ። "ምነው? አመመሽ?" አለና ዳር ይዞ ቆመ። ቴፑን አጠፋሁት። ነጠላዬን ወደ ላይ ሳብኩና አፌን ሸፈንኩ። ከነጠላው ስር "ትሰማኛለህ?" አልኩ።

ነጠላውን አየ። ዓይኔን አየ። መልሶ ነጠላውን።

"አውርጂው" አለኝ። "ዓይኔ፣ በእናትሽ አውርጂው።"

አወረድኩት። ሁለታችንም አለቀስን። አላፊ አግዳሚው እያየን።

ፋብሪካው ነው አለ። የሽመናው ማሽን ጩኸት። ሲጀምር ጠዋት የወፍ ጫጫታ ጠፋው። ስልኩ ሲጠራ መስማት ቀረ። ከዚያ የሴት ድምፅ። "ያንቺ ቀጭን ነው፤ ቃሉ ይጠፋኛል። ፊትሽን ካላየሁ ምንም የለም።" የሰኢድ ወፍራም ስለሆነ ይደርሰዋል። ቤዝ ይደርሰዋል። የቀረለት እሱ ነው።

"ሽማግሌዎቹስ ያሉህን?"

"አንገቴን ደፍቼ የማንን ከንፈር አያለሁ? አባ እንኳ ቀና ብልም ጢማቸው ውስጥ ነው የሚያወሩት። እሺ ካልኩ ይታረቃል ብዬ እሺ አልኩ።"

"ትሂድ ወይ ነው ያሉህ።"

መሪውን ለቀቀ። ሻንጣዬን ዞሮ አየ። እትዬ ዘነበችን ልጠይቅ፣ ጥቂት ቀን ልሰነብት የምሄድ መስሎት ነበር። ታርቀን።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ጆሮው የማይሰማ ሹፌር ማን ይሳፈርለታል?"

"እኔ ተሳፋሪ ነኝ?"

"ከምታዝኚልኝ ብትናደጂብኝ ይሻላል አልኩ" አለ።

ቱላ አድርሶኝ ሄደ። አዎ፣ ወረድኩ። ሁሉ ነገር ገብቶኝም ወረድኩ።

የካቲት 8

እትዬ ዘነበች ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። "ደንቆሮ ነው እንዴ ታዲያ? እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መስሎኝ።" ቀጥለው ተቆጡኝ። በደንቆሮነት ባል ይፈታል ወይ አሉ።

እኔ የተናደድኩት በጆሮው አይደለም። አብሮኝ እየተኛ፣ የናቀኝ መስሎኝ ስደርቅ ያይ ነበር። በአንድ ቃል ሊያወጣኝ ሲችል ተወኝ። ማዘኔን ፈርቶ! ባዝንለትስ? ሚስቱ ካላዘነችለት ማን ሊያዝንለት ነው?

ግን እኔስ... ከቁም ሳጥን ጋር እያወራሁ "ነገርኩት" ስል አልነበር?

ልመለስ አልመለስ ብዬ ካደከመኝ ሐሳብ ይልቅ ብቻውን እየነዳ ያለፈበት መንገድ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የከባድ መኪና ጡሩምባ ይሰማዋል? ወፍራም ነው። ይሰማዋል። የልጅ ጩኸትስ?

የካቲት 11

ሰኢድ ደወለ። ጆሮዬ ላይ ጮኸ እንደ ልማዱ። "ዓይናለም፣ ሙሌ ቁልፉን እኔ ጋ አስቀመጠ። ሳልታከም አልነዳም ብሏል።"

ሰኢድ መኪናዋን ፈትሿል። እሱ ቆንጥሮ የቀጠለበት ቦታ ላልቶ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደው ገመድ ተነቅሏል፤ ስፒከሮቹ ሁሉ ሞተው ዉፈሩ ብቻ ነው ሲሠራ የከረመው። "የኔ ጥፋት ነው፣ አጥብቄ አላሰርኩትም" አለ። "ግን ተሳፋሪዎቹ ሲነግሩት እሺ እሺ እያለ... እኔ እንኳ አልጠረጠርኩም እኮ። ፋብሪካው ውስጥ አብረን የነበርን ሁሉ እንጮሃለን፤ ከመሃላችን ማን እንደደነቆረ በምን ይታወቃል?"

ገመዱን አስሮታል። አመሰገንኩት። "የጆሮውን ግን እኔ አላስርለትም፤ ሐኪም ነው" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲያወራ ሰማሁት።

ስልኩን ስዘጋ ለሙሌ መልእክት ጻፍኩለት። ሰኞ እመጣለሁ፣ ጆሮ ሐኪም አብረን እንሄዳለን ብዬ። ወዲያው መለሰ። ጽሑፍ እንዴት ጥሩ ነገር ነው። ለምን ቀድሞ አልመጣልኝም?

የካቲት 16

ከላይብረሪ ፈቃድ ወስጄ ሄድን። ከቱላ ስመጣ ክሊኒኩ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። ራሱ ነው የተኮሰው፣ አንገትጌው ያስታውቃል።

ጠባብ ክፍል አስገቡት። የጆሮ ማዳመጫ አደረጉለት፣ ቁልፍ አስያዙት። ድምፅ ስትሰማ ተጫን አሉት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ከውጪ ወንበር ላይ ሆኜ ፊቱን አየዋለሁ።

ቀጭን ድምፅ ጀመረ። ከማዳመጫው አምልጦ እኔ ጋ ደረሰ፤ ጢ... ጢ... ጢ። ሙሌ አልተጫነም። ተዘጋጅቶ፣ አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ እንደ ፈተና ተማሪ ይጠብቃል። ጢ... ጢ። እኔ ሳላውቀው ጉልበቴን እየተጫንኩ ነበር። በእያንዳንዱ። እሱ ይጠብቃል። ስንት ጊዜ ጠርቼው እንዲህ ነበር ተቀምጦ የኖረው?

በኋላ ወፍራሙ መጣ። ተጫነ። ቀና ብሎ አየኝ። ተሳካልኝ ዓይነት።

ሐኪሙ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ ማስረዳት ጀመረ። "እሱን ያናግሩት" አልኩ። "ፊት ለፊት።" ዞረለት። የጠፋው አይመለስም አለው፤ የቀረውን ግን በመሣሪያ ማገዝ ይቻላል።

"የሷን ድምፅ እሰማለሁ?" አለ ሙሌ።

"የተወሰነውን።"

ሙሌ አሰበበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በነዚያ ሽማግሌዎች ፊት ደፍቶት የነበረውን ፊት ቀጥ አድርጎ። "ያኔ ያልሰማሁትን አሁን ልመልስ" አለኝ። "አትሂጂ።"

ሐኪሙ ወረቀቱን ማየት ጀመረ፣ ምስኪን።

ደክሞኛል። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ነግሬዋለሁ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳይጠፋው። ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው አየኝ። ሻንጣዬ ገና ቱላ ነው። ነገ ከሥራ መልስ አብረን በባጃጅ ሄደን እናመጣዋለን።