የሳጅን ጥርስና የእኔ ጣቶች

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2፡30

ማስታወሻዬ፣ ዛሬ አቤት የምልህ ስለ ካልሲ ነው። የግራ እግር ካልሲዬ እንደገና ተቀደደ። የቀኙ ደህና ነው። ሁልጊዜ ግራው! የሆሳዕና ሰው ሱሪውን እያመጣ ይሰጠኛል፣ እኔ ልብስ ሰፊው ግን አውራ ጣቴን አውጥቼ ፔዳል እረግጣለሁ። ደንበኛ ሲመጣ እግሬን ከስፌት መኪናው ሥር እደብቃለሁ። ችግሩ የቀደደው ጌታም እዚያው ሥር ነው ያለው።

ሳጅን ይባላል። የሁለት ወር ድመት። ትከሻው ላይ እንደ ማዕረግ ሦስት መስመር አለው፣ ሹመቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ፔዳሉ ከፍ ሲል ያደባል፣ ዝቅ ሲል ይዘላል፣ ከዚያ ጥርስ! ስጮህ ደስ ይለዋል። ዝም ስል ይደግመኛል። ምን ፈልጎ እንደሆነ አልገባኝም።

የመጣው ለቃልኪዳን ነው። ቃል የእህቴ የአስቴር ልጅ ናት፣ ሦስተኛ ክፍል። አስቴር መምህርት ናት፤ ለሥልጠና ዱራሜ ስትሄድ ልጇን ለእኔ ተወችልኝ። በማግስቱ እንዳታለቅስብኝ ብዬ ከአጥር ማዶ ከእትዬ ዘይነባ ቤት አንዱን ግልገል ወሰድኩ። ሴትየዋ እናቱን ይጥገብ፣ ትንሽ ታገስ ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ መታገስ አልወድም።

ማታ 1፡00

ካልሲውን ተወው። ሳጅን ቃልን ነከሳት። አውራ ጣቷን፣ ደም እስኪወጣ። በሳሙናና በወራጅ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩላት፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አይተው አከሟት፣ ድመቱንም ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት አሉ። አላለቀሰችም። ለእናቷ በስልክ ራሷ ተናገረች፤ ይህች ልጅ መዋሸት አታውቅም፣ በማን እንደወጣች እንጃ። አስቴር እኔን አስጠራችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ደም ካየሁ ድመቱ ከቤት ይወጣል አለች። እህቴ ቀልድ አታውቅም። ቃል ሰምታለች። ሳጅንን አቅፋ ተኛች፣ እጇን ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቃ።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ምክር በምክር ሆንኩ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ የድመት ሊቅ ነው። አንዱ አፍንጫውን ምታው አለ። በጣቴ ነካ አደረግኩት። ጨዋታ መሰለው፣ ሁለት እጥፍ መጣብኝ። ሌላው በማጅራቱ አንጠልጥለው አለ። አንጠለጠልኩት፤ አስቀመጥኩት፤ ተደበቀ። ከዚያ ቃል ስትጠራው እንኳ አልወጣም። እሷ እኔን አየችኝ።  ዱላ ነገር ከእንግዲህ በቃ።

ሦስተኛዋ መካሪ የልጆች እናት ናት። ልጅ ጡት ስታስጥል የምትቀባውን እሬት እጅህን ተቀባ አለችኝ። ብልህ ሐሳብ! አሥሩንም ጣቴን ተቀባሁ። ሳጅን አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ዞረ። አሸነፍኩ ብዬ ወደ ሥራዬ። መርፌ ላይ ክር ልሰካ... ልብስ ሰፊ ደግሞ ክሩን በጣቱ አሹሎ በምላሱ ሳያረጥብ አይሰካም፤ እጄ ከእኔ ሳይማከር የሚሠራው ሥራ ነው። እሬቱ አፌ ውስጥ ገባ። ማስታወሻዬ፣ ምሳው መረረ፣ ስኳሩ መረረ፣ ምራቄ መረረ! ደንበኛዬ ሲስቅ የሚለካውን ኮት ስፌት ተረተረው። ሳጅን ደግሞ እጄን ትቶ ወደ እግሬ ተመለሰ። እግሬን አልተቀባሁማ።

ጡት ጣልኩ እንጂ ንክሻ አላስጣልኩም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

እትዬ ዘይነባን ልከሳት ሄድኩ። የሰጠሽኝ ድመት ሳይሆን ነብር ነው አልኳት።

«አንተ ሎምበሶ፣ እኔ ሰጠሁህ? ነጥቀኸኝ ሄድክ እንጂ! ወላሂ፣ ሰርቀኸኛል ብል ይሻላል» አለችኝ ስሜን ጠርታ። ቀጥላ በርጩማ ሰጠችኝና ዝም ብለህ ተመልከት አለች።

ተመለከትኩ። የሳጅን ወንድምና እህት ይታገላሉ። አንዱ ጆሮ ነከሰ። የተነከሰችው «ሲይይ!» ብላ ጮኸችና ጨዋታውን ጥላ ሄደች። ነካሹ ብቻውን ቀረ። ግራ ገባው። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፣ አሁን በቀስታ። ጠንክሮ ሲመለስ እናትየው በመዳፏ ተጫነችው፣ ከዚያ ላሰችው።

ይሄው ነው ትምህርት ቤታቸው አለችኝ እትዬ ዘይነባ። የእኔው ሳይማር ወጥቷል። ጥርሱ እንደሚያሳምም ማን ይንገረው? ክፉ አይደለም ማለት ነው። ወይስ ክፉም ደግም አይደለም፣ ሕፃን ነው? እኔም ትምህርት ቤት ሳልውል ነው በራሴ የተማርኩት፣ እሱን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

ግን ማን ያስተምረው? እኔ? ጢም ያለኝ ሰውዬ «ሲይይ» እያልኩ?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ። ማታ

«ሲይይ» እያልኩ ነው።

ጠዋት አንድ ሽማግሌ ኮት ሲለኩ ሳጅን ቁርጭምጭሚቴን ያዘ። ጮኽኩ። ተነስቼ ወደ ግድግዳ ዞሬ ቆምኩ። ሽማግሌው ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንደያዙ ቀሩ። ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሲሰሙኝ ቆይተው እግዚአብሔር ይርዳህ ልጄ ብለው ሄዱ። ጤንነቴን ይሁን ሥራዬን እንዲረዳልኝ የጸለዩት አልገባኝም።

ቃል ከእኔ ትበልጣለች። ስትነከስ እጇን አትጎትትም፣ ድርቅ ትላለች፣ እንደ እንጨት። እንጨት ደግሞ አያጫውትም። ሳጅን ይለቅቃል። ከዚያ ከረጅም ዱላ ጫፍ ላይ የሰፋሁላትን ቁራጭ ጨርቅ ታስሮጥለታለች። ክር ግን ከልክያለሁ፤ ድመት ክር ውጦ አንጀቱ ይታሰራል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ስለዚህ ወለሉን በቀን ስንት ጊዜ እንደምጠርግ አትጠይቀኝ። ከእራት በፊት ሮጦ ሮጦ ይደክመዋል። ይበላል። ይተኛል። ዛሬ ማታ ጣቷን ያዘ፣ በቀስታ፣ ጥርሱ ሳይጫን። ከዚያ ላሰ። ቃል እየሳቀች አለቀሰች።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

መጻፍ አልፈለግኩም።

ጠዋት ቃል ት/ቤት ሄዳ። ቤቱ ጭር ብሎ። እጄን ጋቢ ውስጥ አስገብቼ እንደ አይጥ አራመድኩ። ትንሽ ብቻ ብዬ! ሳጅን ዘለለ፣ ነከሰ፣ በኋላ እግሩ ደበደበኝ፣ በሳቅ ሞትኩ። ለካ ይህን ጨዋታ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በየጠዋቱ ያስለመድኩት እኔው ነኝ። እኔ እጄ ሻካራ ነው፣ መርፌ የደበደበው። አይሰማኝም።

ከሰዓት ቃል መጣች። ጋቢውን ልታጥፍ እጇን ከሥሩ አስገባች።

ደም። አንጓዋ ላይ፣ ረጅም ጭረት። አጥበን እንደገና ወደ ጤና ጣቢያ። ማታ አስቴር በቪዲዮ ደወለች፣ ፋሻውን አየች። ቃል «እኔ ነኝ እማ የነካካሁት» አለች። መዋሸት የማታውቅ ልጅ! ጠዋት የሆነውን ነግሬአት ነበር፤ ለእኔ ብላ ነው። እኔ አጠገቧ አፌን በመርፌ የሞላሁ መስዬ ተቀመጥኩ። አስቴር አልተቆጣችም። እሺ ደህና እደሩ ብላ ዘጋች። የእህቴ ቁጣ ይገባኛል፣ ዝምታዋ ግን አይገባኝም።

ቃል መብራት ሳጠፋ ጠየቀችኝ። «አጎቴ፣ ሳጅን ይጠላኛል?»

አይጠላሽም አልኳት። «ታዲያ ለምን?» አለች።  

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ። ጠዋት 4፡00

ቆርጫለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ባዶ እጅ መጫወቻ አይሆንም፣ የእኔም። ጋቢው ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ከሰዓት ወደ እትዬ ዘይነባ እሄዳለሁ፤ ሳጅን በየቀኑ ከወንድሙና ከእህቱ ጋር ይታገል፣ የጎደለውን ይማር። ለአስቴር ቅዳሜ ስትመጣ...

በር ተንኳኳ። ቆይ።

ማስታወሻዬ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። በረንዳ ላይ አንድ ሰውዬ ተቀምጧል፣ ከጊምቢቹ ነኝ ይላል፣ እህል ነጋዴ። አይቼው አላውቅም። ካርቶን ይዟል፣ ጎኑ የተበሳሳ። መምህርት አስቴር ማታ ደውላልኝ ነበር፣ አይጥ መጋዘኔን ጨርሶታል፣ ድመቱን ውሰድ ብላኛለች አለኝ። ትሑት ሰው ነው። ጫማውን እንኳ ጠርጎ ነው የተቀመጠው። መኪናው እየጠበቀው ነው።

ድመቱን ፈልጌ ላምጣ ብዬ ገባሁ። ድመቱ እግሬ ሥር ተኝቷል።

ቃል ት/ቤት ናት። ስትመለስ ባዶ ቤት?

ጠፋ ልለው እችላለሁ። ደስ የሚል ውሸት ነው፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን... አይ። ሰውየው አልበደለም፣ አስቴርም አልበደለችም፤ ማን እንዳስተማረው አታውቅማ። ስልኩ በግራ እጄ ነው፣ ለአስቴር ደውያለሁ። ይጠራል። ጋቢውን፣ እንደ አይጥ ያራመድኩትን እጄን፣ ሁሉንም እነግራታለሁ። ከዚያ የፈለገችውን ታድር...

ስልኩን አነሳች።