የአውቶቡስ ሹፌሩ ኧርል

ጥር 9
ዝናብ። ሁለት በጎች ወለዱ። አባባ ቁርስ ላይ "እንቁላሉ ጠነከረ" ብሎ ተቆጣ።

ጥር 14
አባባ ሞተ። በእንቅልፉ። ሐኪሙ እስኪመጣ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። በሕይወት ቢሆን አይፈቅድልኝም ነበር።

ጥር 17
ጠበቃው መጣ። "ወይዘሪት ሄስተር፣ የቶርንሚር ኧርልነት፣ የመኳንንት ማዕረጉ፣ የሚወርደው ለወንድ ብቻ ነው። ቤቱና መሬቱም ከማዕረጉ ጋር ይሄዳል።" መች አጣሁት! አባባ ገና ልጅ ሳለሁ፣ በልደቴ ቀን ነው የነገረኝ። "ወንድ ብትሆኚ ኖሮ..." ብሎ ኬኩን ቆረሰ። እርሻውን ዕድሜዬን ሙሉ የያዝኩት እኔ። ወራሹ ደዝመንድ የሚባል የሩቅ ዘመድ። ሃል ከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አይቼው አላውቅም።

ጥር 23
ቀብር። ደዝመንድ መጣ። ስድሳ ሳይሞላው አይቀርም። ቄሱ "ጌታዬ" ሲሉት ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር... ከበደኝ።
እራት ላይ፣ "ለመሆኑ ማዕረጉ ከየት መጣ?" አለኝ።
"የመጀመሪያው ኧርል ለሚሸሽ ንጉሥ ፈረሱን ሰጥቶ።"
"ፈረሱስ ምን ሆነ?"
በሦስት መቶ ዓመት ይህን የጠየቀ የለም።
"እርሻውን ማን ነው የሚያሠራው?"
"እኔ።"
"ታዲያ ለምን ለኔ ይሰጣል? ምን አጥፍተሽ ነው?"
"ሴት ሆኜ ተወልጄ።"
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቆይቼ ሳቅኩ። በአባቴ ቀብር ቀን!

የካቲት 6
ደዝመንድ ደወለ። "ስሙን ሕጉ ጫነብኝ፣ እሺ። ቤቱንና እርሻውን ግን ዕድሜ ልክሽን ያዢው። ከጠበቃው ጋር ጨርሻለሁ። እኔ እንኳን በግ ላረባ ድመት አሳድጌ አላውቅም።"
ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።
"አለሽ?"
"አለሁ።"
በረት ገብቼ አለቀስኩ። በጎቹ አዩኝ። ማመንዠካቸውን ቀጠሉ።

ሚያዝያ 11
ሃል ሄጄ በደዝመንድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ተሳፋሪው ያሾፍበታል፦ "ጌታዬ፣ ገበያው ጋ ወራጅ አለ!" እሱም መልሶ፣ "ዝቅ ብለህ እጅ ካልነሳህ በሩ አይከፈትም።"

ኅዳር 20
ሞድ፣ የደዝመንድ አንድዬ ልጅ፣ ወለደች። "ወንድ ነው!" አለ ስልኩ ላይ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። ሄድኩ።
ማዕረግ በሴት ልጅ በኩል አይወርድም። ሌላ ወንድ ዘመድም የለንም። ደዝመንድ ሲሞት የቶርንሚር ስም አበቃ ማለት ነው።
ሕፃኑን ታቀፍኩት። በሕጉ ፊት እሱም እንደኔው ከቁጥር አይገባም። ኀዘኑ እስኪመጣ ጠበቅኩ... አልመጣም። ልጁ ግን ራበው መሰለኝ፣ ለቅሶውን አቀለጠው። ለእናቱ ሰጥቼ ሻይ ልጥድ ሄድኩ።